እጅ ከፍንጅ

አርባ ጥንድ ጓንት ነው የብርዱ ወር ሀብቴ፣
ሳስካቱን ከተማ፣ ምድር ቤት ነው ቤቴ።
ላዩ የአጋዘን ቆዳ፣ ገበሩ የበግ ጠጉር፣
በግራው ውስጥ በኩል፣ በቀይ ክር፣ አንድ ቁጥር።
ደብተሬም ላይ አለ ያው ቁጥር በእርሳስ፣
የገዢው ስም መጥቶ ጎኑ እስኪቆም ድረስ።

በኅዳር አንድ ሌሊት ስልኬ ጮኸ፤
ሃያ ሁለት ጥንድ፣ በአንድ ሌሊት!
እኅቴን ዘርፌን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት።
«በአራት ስም» አለች ዓይኗን እያሸች፣ «አድራሻው ግን አንድ፤
ደላዌር ያለ መጋዘን።»
«ምን ቸገረሽ፣ ከፍለዋል» አልኳት።
ጨረቃ ሠረቀች በበረዶው ላይ።
ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ ያኔ አልለየሁም።

ከሃምሳ ቀን በኋላ ባንኩ ጻፈ፤
የካርዱ ባለቤት «አላዘዝኩም» ብሏል።
ገንዘቡ ተመላሽ፣
ለደብዳቤው ድካም ደግሞ ከኔ ሃያ ዶላር።
የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ሲባል እሰማ ነበር፤
ይሄኛው ዓይንም የለው።
ሌባ ጓንት የሚያጠልቅ አሻራው እንዳይቀር ነው፤
የኔው ጓንቱን ራሱን ይዞ ሄደ።
እጅ ከፍንጅ ልያዘው ብል፣
እጁ የታል? ፍንጁስ?

ዘርፌ መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጠች።
ለካ ከሁለት ቀን በፊት፣ ሠላሳ ካርድ፣ ተራ በተራ፣
በአንዲት የአንድ ዶላር ቁልፍ ላይ ተሞክሯል።
የኮት ቁልፍ ብዬ ያወጣሁት
የቤቴ ቁልፍ ኖሯል።
ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤
ሲነቀነቅስ ሰምቼ ነበር፣
ነፋስ ነው ብዬ ተኛሁ።

ከዚያ ወዲያ የባሰው መጣ፦
ቅርጫት ይሞላሉ፣ አይከፍሉም፣ አይለቁም።
መደርደሪያዬ ሙሉ፣ ገጹ «አልቋል» ይላል፤
ሠላሳ አንድ ከዜሮ በታች በሆነበት ሳምንት
እጁ የቀዘቀዘ ሰው አንብቦት ያልፋል።

ዘርፌ ሕግ አወጣች።
ለአንድ ሰው ሁለት ጥንድ፣
ለአንድ ቅርጫት አሥር ደቂቃ፤
ካርዱ ሦስቴ ከሳተ፣
ከፋዩ ወዲህ ተቀባዩ ወዲያ ከሆነ፣
ሌሊት ከሆነ፣ ከተቻኮለ፣ ዋጋ ካልጠየቀ፣
ቀይ መብራት።

በየካቲት ቀይ በራ። በነሱ እኩለ ሌሊት፣ በኛ አራት ሰዓት።
አራት ጥንድ ይፈልጋል። ካርዱ ሦስቴ ስቷል።
ከፋዩ ሉነንበርግ፣ ጓንቱ ወደ ኋይትሆርስ።
ማሽኑ «ዘጠና አንድ ከመቶ፣ ሌባ» አለ።
ጣቴ «ሰርዝ» ላይ ሆኖ ቆየ።
አሰብኩት፦ ስጦታም እኮ ሌሊት ይታዘዛል፣
በሌላ ሰው አድራሻ፣ በጥድፊያ፣
ዋጋ ሳይጠየቅ።
የሚወድና የሚሰርቅ
በምን ይለያል፣ በቁጥር?

ደወልኩ። የአሮጊት ድምፅ፤ ዊኒፍሬድ ትባላለች።
«ስለ ካርዴ አንዲት ቃል አልነግርሽም» አለችኝ፤
«የልጅ ልጄ አስጠንቅቆኛል፣
እንዳንቺ ስላሉት።»

ለካ በእሷ ማሽን እኔም ዘጠና አንድ ነኝ።

«አምና በባሌ ስም ገዝቼ ነበር» አለች ጥቂት ቆይታ።
«እንግዲያው ግራውን ገልብጠው ያንብቡልኝ።»
እግር ሲጎተት ሰማሁ፣ መሳቢያ ሲከፈት፣
ረጅም ዝምታ።
«ስምንት ይሁን ሦስት፣ ዓይኔ አይለየውም፤
ካርዱንም ያሳተኝ ይሄው ነው።»
«በጣትዎ ይዳስሱት።»
«…ሠላሳ ስምንት።»

የአምናውን ደብተር ገለጥኩ፦
ሠላሳ ስምንት፣ ሉነንበርግ። በእርሳስ።

«ወሰኑ ግን ሁለት ጥንድ ነው» አልኳት።
«ልጆቹ አራት ናቸው» አለችኝ።

ዘርፌ ተኝታለች።
ሁለቱን አጥፍቼ አራት ጻፍኩ፣
ትዕዛዙ እስኪያልፍ ድረስ ብቻ፤
ከዚያ መልሼ ሁለት።
መደርደሪያው ላይ አንድ ጥንድ ቀረ።
በሩን ልቆልፍ ስወጣ ጨረቃዋ…
ወጥታ ነበር እላለሁ፣
ለጥንቃቄ።